ተቆጣጣሪ የሌለበት መምህር

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነስቶ ነበር፦ ሩቅ ገጠር የተመደበ መምህር ተቆጣጣሪ ካላየው የምር ያስተምራል ወይ? እኛ በፒተር ቶሮት ታሪክ እንመልሳለን።

ቶሮት እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ብሪተን ደሴት፣ በዛሬዋ ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ራኩናይ መንደር ተወለደ። ቄስ አልነበረም፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። እንደኛው ማሠልጠኛ ገብቶ፣ ታሊሊጋፕ ላይ ሠልጥኖ ነው የካቶሊክ ሃይማኖት አስተማሪ የሆነው።

በ1942 የጃፓን ጦር ራባውልን ያዘ፤ ሚሲዮናውያኑም ታሰሩ። ታዲያ ቶሮትን ማን ተቆጣጠረው? ማንም! ሕፃናቱን ማስተማሩን፣ ሕመምተኛ መጠየቁን፣ ማጥመቁን ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲፈርስ ከጫካ እንጨት ዳስ ሠራ። የጸሎት ስብሰባ ሲከለከል በድብቅ ሰበሰበ።

እኛን ይበልጥ የሚደንቀን ሌላው ነው። ጃፓኖች የአገሩን ባላባቶች ለማባበል ብለው በሚስት ላይ ሚስት ማግባትን ፈቀዱ። ያኔ ዝም ቢል ማን ይታዘበው ነበር? እሱ ግን በግልጽ ተቃወመ፤ ለመንደሩ ትላልቅ ሰዎች እንኳ አላጎበደደም። በ1945 ታሰረ። የተፈረደበት ሁለት ወር ብቻ ነበር፤ ሚስቱ ፓውላም ስንቅ ታመላልስለት ነበር። በጁላይ ወር፣ ሳይታመም፣ በመርፌ መርዝ ተወግቶ ተገደለ። ቤተ ክርስቲያኑ በኦክቶበር 2025 ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች።

አንዳንድ ጓደኛችን «ለሃይማኖቱ እንጂ ለመምህርነት መቼ ሞተ?» ይል ይሆናል። ይሁን። ግን እኮ ያሳሰረው ሥራ ማስተማሩ ነው። ክርክሩን የጀመረው ጓደኛችን መልስ ካለው ይጻፍ፤ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ቦታ ትተንለታል።