«ምንም አላመመኝም» ለልብ ማስረጃ አይሆንም

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ የፖለቲካው ክርክር ጋብ ሲል አንድ የማከብረው ወንድማችን «ሐኪሙ ደረትህን ከፍቼ ልብህን ልጠግን ይለኛል፤ እኔ ግን አራት ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ» አለ። አጠገቡ የነበሩ እናት «ልጄ፣ ያላመመህን አታስነካ» አሉት። ሁላችንም ራሳችንን በአዎንታ ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የዚህ ወንድማችን ችግር ሚትራል የሚባለው የልብ በር ማፍሰሱ ነው። በሩ በደንብ ካልገጠመ ልብ በተጨመቀ ቁጥር ከፊሉ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። ልብ ታዲያ አይጮህም። እየሰፋ፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ለዓመታት ይሸከመዋል። ባለቤቱም ሳይታወቀው ርምጃውን ይቀንሳል፣ ደረጃውን ትቶ ሊፍት ይለምዳል፤ ሲጠየቅ ግን «ደህና ነኝ» ነው መልሱ። ትንፋሽ ማጠር ሲጀምር ጡንቻው ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ በሩ ቢጠገን እንኳ የደከመው ጡንቻ ሁልጊዜ አያገግምም።

ስለዚህ ሐኪሞች በኢኮ ይለካሉ። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት መመሪያ፣ ሚትራሉ ክፉኛ የሚያፈስ ሰው ምንም ባይሰማውም፣ ልቡ በአንድ ምት የሚገፋው ደም 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ አለዚያም ግራው የልብ ክፍል ተጨምቆ ሳለ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ለጤነኛ ልብ 60 በመቶ መልካም ቁጥር ነው። በሚያፈስ ልብ ላይ ግን ወደ ኋላ የተመለሰው ደም ጭምር እንደ ሥራ ስለሚደመር ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያምራል። የመንግሥት የዕድገት ሪፖርት ስናነብ ለኖርን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ልኩ ላይ ያልደረሰውስ? እዚህ ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። በ2006 ከቪየና የወጣ ጥናት 132 ሰዎችን እየተከታተለ፣ ከስምንት ዓመት በኋላም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት ደረጃ እንዳልደረሱ አሳየ። በ2013 የወጣው ደግሞ 1,021 ሕሙማንን አነጻጽሮ፣ ቀድመው ከተጠገኑት ውስጥ 86 በመቶ፣ ከጠበቁት ውስጥ 69 በመቶ አሥር ዓመት መኖራቸውን ዘገበ። ሕሙማኑ በዕጣ የተመደቡ ስላልነበሩ ክርክሩን አልዘጋውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የቪየናዎቹ ሕሙማን ሲጠብቁ በቀጠሮ እየተጠሩ ይለኩ ነበር። ወንድማችን ከተለካ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህ መጠበቅ አይደለም፣ መርሳት ነው። እንደ ምንም ለምነነው ቀጠሮ ይዟል።

አገር ቤት ነገሩ ይከፋል። እዚያ በወጣትነት የሚያፈስ የልብ በር በአብዛኛው በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው ሩማቲክ የተባለው በሽታ ትቶት የሚሄድ ጠባሳ ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ የተከፈተው የልብ ማዕከል ለዓመታት ከውጭ በሚመጡ በጎ ፈቃደኛ ቡድኖች ላይ ተደግፎ ሠርቷል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችም ወረፋ ጠብቀዋል። የአሜሪካኑን «ቀድመህ አስጠግን» እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይቻልም። መመሪያው ራሱ ያን የሚለው ጥገናው የመሳካት ዕድሉ ከ95 በመቶ በላይ፣ የሞት አደጋው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን ነው። በሩማቲክ የተጎዳ በር ለጥገና ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜ በብረት ይተካል። የብረት በር የገባላት ልጃገረድ ዕድሜ ልኳን ዋርፋሪን ትውጣለች፣ ደሟን እየተመረመረች ትኖራለች፤ ስታረግዝም አደጋው ይበረታል። ስለዚህ ለእሷ መቸኮልም ጉዳት አለው።

መዘግየቱም እንዲሁ ነው። ወረፋው ትንፋሽ ያጠረውን ብቻ ካስቀደመ፣ ዝም ያለችው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ልቧ ደክሞ ትገኛለች። እኛ ዲያስፖራዎች ለገቢ ማሰባሰቢያ እራት ስንሰበሰብ የምናጨበጭበው ለሚበርሩት ቀዶ ሐኪሞች ነው፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን በየክልሉ ኢኮ የሚያነሳ ባለሙያ ለማሠልጠን፣ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ለሚወጋው ፔኒሲሊን፣ ከገጠር ለቀጠሮ ለምትመጣ ልጅ የአውቶቡስ ገንዘብ፣ ከዚያ እራት ስንት ሳንቲም ተመድቦ ያውቃል? በሚቀጥለው ስብሰባ ይህንኑ ተነስቼ እጠይቃለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።