ብቻውን የቀረ ንጉሥ

«ያለኝን ሁሉ!» አለና ባቄላውን በሁለት እጁ ወደ መሐል ገፋው። የደረሱትን ሁለት ካርታዎች ገልጦ እንኳ አላያቸውም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደብረ ታቦር፣ ቡና የምታፈላልን ሴት ቤት ጓዳ ውስጥ ስድስት ሆነን ተቀምጠናል፤ ደጁን የጉና ጭጋግ ሸፍኖታል። ከስድስታችን ሁለቱ መምህራን፣ አንዱ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ አንዱ በጡረታ ላይ ያሉ የታሪክ አስተማሪ፣ አንዱ እኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነን። ባቄላውን የገፋው ደግሞ በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰው የባጃጅ አሽከርካሪ ነው። አንዱ ባቄላ የአንድ ብር ምትክ ሲሆን፣ ሁላችንም የምንጀምረው በሃምሳ ባቄላ ነው። ሃምሳው ያለቀበት ሰው ሌላ ሃምሳ መግዛት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ነው።

ፖከርን ለማያውቅ አንባቢ ጨዋታውን በአጭሩ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በስውር ይታደላል፤ ከዚያ አምስት ካርታ ለሁሉም በግልጽ ይዘረጋል። በየእርከኑ ገንዘብ ይያዛል። ካርታው ያልጣመው ጥሎ ይወጣል፤ የጣመው ያስይዛል፣ ይጨምራል። እስከ መጨረሻው ከዘለቁት መካከል የተሻለ አምስት ካርታ ያገጣጠመው ክምሩን ይወስዳል። ሌሎቹ ሁሉ ቀድመው ከወጡ ግን፣ የቀረው ሰው በእጁ ምንም ባይኖረው እንኳ ክምሩ የእርሱ ነው። የጨዋታው ጣዕምም ሰይጣኑም ያሉት በዚህች በኋለኛዋ ሕግ ውስጥ ነው።

እኔ የተማርኩት ከስልክ ነው። ዚንጋ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 በፌስቡክ ላይ የጀመረው ፖከር እውነተኛ ገንዘብ ሳይያዝበት ይጫወቱታል፤ የሐሰት ገንዘብ ያድላል፣ ቢያልቅ ነገ ይተካል። ስለዚህም በዚያ ገበታ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ እብድ ይሆናል። ካርታ በታደለ ቁጥር ሦስቱ አራቱ ያላቸውን ሁሉ ይገፋሉ። ስማቸው የቅጽል ስም፣ ፊታቸው የአንበሳ ወይም የኳስ ተጫዋች ሥዕል ነው። የሚያጡት ነገር የለምና የሚፈሩት ነገር የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያ ገበታ ከእጄ ጠፋ፤ ለወራትም አልተመለሰም። አንደኛው መምህር ካርታ ገዛ፣ ባቄላም ከጓዳ ወጣ። ፊት የሌላቸው እብዶች ሄዱና ፊት ያለው እብድ መጣልኝ።

እንዲህ ያለውን ተጫዋች ስለመግጠም የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። ታገሥ፣ በባዶ እጅህ ልታስፈራራው አትሞክር፣ ጥሩ ካርታ ሲደርስህ ግን ሳትሸሽ ግጠመው ይላል። አብዛኛው ሰው ከምክሩ ግማሹን ብቻ ይዞ ይሄዳል። መታገሡን ይታገሣል፤ ጥሩው ካርታ ሲደርሰው ግን «ምናልባት እርሱ የተሻለ ይዞ ቢሆንስ?» እያለ ይጥለዋል። ድፍረት የሌለው ትዕግሥት በየዙሩ በምትያዘው ጥቂት ባቄላ ቀስ እያለ ደሙን ያፈስሳል እንጂ የትም አያደርስም።

ሥራዬ ሒሳብ ነውና ጥቂት ቁጥር ይፈቀድልኝ። ሁለት አስ ባንድነት የሚደርሰው በአማካይ ከ221 እደላ አንድ ጊዜ ነው። ማናቸውም ጥንድ ግን ከ17 እደላ አንዴ ይመጣል። ሁለት አስ የያዘ ሰው፣ ካርታውን ሳያይ ከሚገፋ አንድ ሰው ጋር ቢገጥም ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ያሸንፋል። አምስት እብዶች ባንድነት ቢመጡበት ዕድሉ ወደ 49 ከመቶ ይወርዳል። ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው፤ «ከሞኝ ጋር መጫወት አይቻልም፣ ምርጡ ካርታ እንኳ አያድንም» ይላል። ተሳስቷል። አንድ ብር አስይዞ በስድስት ብር ክምር ላይ የ49 ከመቶ ዕድል ያለው ሰው፣ በአማካይ የሚደርሰው ሦስት ብር ሊሞላ ስድስት ሳንቲም የቀረው ነው። እንዲህ ያለ ወለድ የሚከፍል ባንክ እኔ አላውቅም።

ሒሳቡ እንግዲህ ቀላል ነው። የሚከብደው ንዴቱ ነው። በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ልጁ አራት ጊዜ ተከታትሎ ገፋ፤ እኔም አራት ጊዜ ተከታትዬ ጣልኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚሠሩት ባንክ ነው ወይስ ገዳም?» አለኝ፤ ጓዳው በሳቅ ተናጋ። በአምስተኛው ዘጠኝና አራት ደረሰኝ። የማይረባ ካርታ ነው፤ ሳላቅማማ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። እርሱ ዐሥርና ሦስት ይዞ ነበር። ሌላ ሃምሳ ገዛሁ፤ ከዚያም ሌላ፤ ደግሞም ሌላ። ቤቴ ስገባ ሁለት መቶ ብር ጎድሎኛል፤ ባለቤቴ ፊቴን አየችና ስለ ጤንነቴ ጠየቀችኝ። የተበላሁት በካርታ አልነበረም። ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ላደገ ሰው «ጥያለሁ» ማለት ከባድ ቃል ነው። ካርታ መጣልን ከጋሻ መጣል ለይቶ ለማየት እኔን ሁለት መቶ ብር አስከፍሎኛል።

በከተማችን ደግሞ ያለውን ሁሉ የሚገፋን ሰው መንቀፍ አይቻልም። ሴባስቶፖል የተሠራው እዚሁ አጠገባችን ጋፋት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ያንን ከባድ መድፍ በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ለወራት ተጉዘው መቅደላ ሲደርሱ፣ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ከተማ አላስቀሩም። የታሪክ አስተማሪው ይህን ባነሡ ቁጥር የባጃጁ ልጅ ዓይኑ ይበራል። በ2003 እ.ኤ.አ. በ86 ዶላር በኢንተርኔት ተወዳድሮ ላስ ቬጋስ የገባውን፣ የዓለምን ሻምፒዮና አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የወሰደውን ክሪስ መኒሜከርን ግን የነገርኩት እኔ ነኝ። የሰውዬው ሙያ የሒሳብ ሠራተኛ መሆኑ ለእኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጁ የሰማው ሌላውን ብቻ ነው።

ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አልተናደድኩም። አሸነፍኩ። በሦስት ወር ውስጥ ከዚያች ጓዳ ይዤ የወጣሁት የአንድ በግ ዋጋ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው ግን ከአንድ ሰው ኪስ የወጣ ነው። ሃምሳው ሲያልቅ ይገዛል፣ ደግሞ ይገዛል። እኔም አድፍጬ እጠብቃለሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከመስኮቴ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ምን ሊያደርግ እንደመጣ አልጽፍም፤ የደንበኛ ምሥጢር ነው። ደብተሩን ሲያቀብለኝ ጥፍሮቹ ሥር የሞተር ዘይት እንደነበረ መጻፍ ግን የሚከለክለኝ መመሪያ የለም። ቅዳሜ ዕለት ከፊቴ ባቄላ ሲገፋ ያንን ዘይት አላየሁትም ነበር። ሊሄድ ሲል ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ አለን አይደል?» አለኝ። ማታ በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፤ ስንኙ ደካማ መሆኑን አውቃለሁ፦

ያለውን በሙሉ አንዴ ለሚጥል ሰው፣
ትዕግሥትህ ወጥመድ ነው አድፍጦ የሚበላው።

የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ይህን ሳነብለት ሳቀብኝ። «አዋቂ ሰው ነው፤ ማንም አላስገደደውም። ካርታው ለሁላችንም እኩል ነው የሚታደለው» አለኝ። ካርታው እኩል መታደሉ እውነት ነው። ሃምሳ ብር ግን ለሁላችንም እኩል አይደለም። ነዳጅ ፍለጋ ግማሽ ቀን ተሰልፎ ለሚውል ሰው የሃምሳ ብር ክብደት በወር ደመወዝ ከሚኖር ሰው የተለየ ነው። ስለ እብድ ተጫዋቾች የሚሰጠውን ምክር ሁሉ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ማንም «ይህ ሰው ማን ነው? ከየት አምጥቶ ነው የሚገፋው?» ብሎ ሲጠይቅ አላስታውስም። በስልክ ላይ መጠየቅ አይቻልም፤ የአንበሳ ሥዕል አይራብም። በ2010ዎቹ ዓ.ም. በየከተማው የተስፋፉት የስፖርት ውርርድ ቤቶችም እንዲሁ ነበሩ፤ ሥራቸው ወረቀት መሸጥ እንጂ የገዢውን ፊት ማየት አልነበረም። እኔ ግን ፊቱን አይቻለሁ። ትዕግሥቴን እንደ ምግባር ቆጥሬ ስኮራበት መኖሬ ያሳፈረኝ ለዚህ ነው፤ ያ ትዕግሥት የቁማር ስልት ነበር፣ ሌላ አልነበረም።

ይህንኑ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለታሪክ አስተማሪው ባጫውታቸው፣ ስለ ጥንቱ ሰንጠረዥ አነሡ። የአገራችን ሰንጠረዥ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት ዘንድ ይታወቅ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቢቺኒ ከተባለ ቬኒሳዊ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በራስ ዓሊ ዘመን በአገራችን የኖረው እንግሊዛዊ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም፣ ከሞቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ጨዋታ ጽፏል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሕጉንና ታሪኩን አሰባስቦ አቅርቦታል። መጀመሪያው እንደሌላው ዓለም ቼዝ በተራ አይደለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንደ ፍጥነታቸው፣ ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ስሙም ወረራ ይባላል። እንደ ባጃጁ ልጅ ያለ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ሁሉ ነገር የእርሱ ነው። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላ ቅጽበት ግን ወረራው ያበቃል፣ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

እኔን የያዘኝ ግን መጨረሻው ነው። በዚያ ሰንጠረዥ ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይሞትም። ባላጋራን እስከ እርቃኑ ገፍፎ ካበቁ በኋላ መግደል አይፈቀድም፤ ከንጉሡ ጋር ከወታደር የሚበልጥ አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረም፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ማሸነፍ ግድ ነው። ስለዚህ አሸናፊው የባላጋራውን ጠጠሮች አይቶ፣ ሆን ብሎ የሚተዋቸው ነበሩት። አገዳደሉም ቢሆን ወግ ነበረው፤ በፈረስ ወይም ገበታውን ከዳር እስከ ዳር በሚመታው ጠጠር ማሸነፍ ውበት የሌለው ድል ሲባል፣ በደካሞቹ ጠጠሮች ያሸነፈ ይመሰገን ነበር። ይህ የርኅራኄ ሕግ ነው ማለቴ አይደለም፤ የጌቶች ጨዋታ ነበርና ምናልባት የክብር ነገር ይሆናል። ቢሆንም ማሸነፍ የሚቆምበትን ቦታ ያሰበ ሰው ነበረ። ፖከር ይህ የለውም። ባላጋራው እስኪገፈፍ ድረስ ይጫወታል፤ ከተገፈፈም ሌላ ሃምሳ ይሸጥለታል።

የእኛን ሕግ ለወጥነው። ሁለተኛ ሃምሳ ለማንም አይሸጥም፤ ባቄላው ያለቀበት ሰው ቡናውን እየጠጣ ያያል። የታሪክ አስተማሪው ስሙን «ብቻውን የቀረ ንጉሥ» አሉት። የባጃጁ ልጅ ግን አልወደደውም። ባቄላውን እየቆጠረ፣ ቀና ሳይል፣ «ለእኔ ብላችሁ ነው?» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ብሆን የምመልሰው አልነበረኝም። ውሸት ነው ብል ያውቃል፣ እውነት ነው ብል ይከፋዋል። አሁንም ቢሆን ያችን ጥያቄ እንዴት መመለስ እንደነበረብኝ አስባለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዐሥራ ሁለት ባቄላ ብቻ ቀርቶት ነበር። ካርታ ታደለ። «ያለኝን ሁሉ!» አለ። ሌሎቹ ጣሉ። እኔ ሁለት ንግሥት ይዣለሁ፤ ሒሳቡ ግጠመው ይላል። ዐሥራ ሁለቱን ባቄላ አየኋቸው፣ ጥፍሮቹንም አየሁ፣ ንግሥቶቼንም ገልብጬ ጣልኩ።

ልጁ ካርታዎቹን ቀስ ብሎ ገለጣቸው። ሁለት አስ ነበሩ።

«ዛሬስ ፈሩ፣ ጋሼ!» አለኝ።