በራዲዮ ርቀትን ስለ መስፈር

ሰው ርቀትን በክንድና በገመድ፣ በእግር መንገድም ሲሰፍር ኖሯል። ዛሬ ግን በእጅ የሚያዘው ስልክ፣ ብሉቱዝ በሚባለው የአጭር ርቀት ራዲዮ ከሌላው ስልክ ጋራ ሲገናኝ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይገምታል። ግምት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ቍጥር ተጽፎ ያየ እንደ ሆነ በገመድ የተለካ ይመስለዋልና።

የግምቱ መንገድ ይህ ነው። የራዲዮ ኃይል ከምንጩ በራቀ መጠን ይደክማል፤ በባዶ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ተቀባዩም የደረሰውን ኃይል አይቶ ርቀቱን ያሰላል። ነገር ግን ሰው የሚኖረው በባዶ ስፍራ አይደለም። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ስለ ሆነ ይህን ራዲዮ ይውጠዋል፤ ብረት ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ የቀረበው ሩቅ፣ የራቀውም ቅርብ መስሎ ሊታይ ይችላል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በተስፋፋ ጊዜ፣ ብዙ መንግሥታት ከታመመው ሰው ጋራ ማን ተቀራርቦ እንደ ነበር በዚህ ግምት ለማወቅ ተነሡ። በዚያው ዓመት የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ነገሩን በከተማ ባቡር ውስጥ ፈተኑት። ከስልኮቹ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት ሳሉ የስዊስና የጀርመን ደንብ አንዱንም አላገኘም፤ የኢጣሊያ ደንብ ከተቀራረቡት ግማሹን ሲያገኝ ካልተቀራረቡትም ግማሹን እንደ ቀረቡ ቈጠረ። ዕጣ መጣልም ከዚህ የከፋ ባልሆነ ነበር።

በሲንጋፖርም ለበሽታ መከላከያ ተብሎ የተሰበሰበው መዝገብ ለወንጀል ምርመራ ሊወሰድ እንደሚችል በ2021 መጀመሪያ ተገለጠ፤ ብዙ ክርክር ከተነሣም በኋላ በሕግ ለሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀል ብቻ ተወሰነ። እዚህ ላይ ነገሩ የጥበበኞች ብቻ መሆኑ ይቀራል። በዳኛ ፊት የቆመ ምስክር «በምን አየህ? ብርሃን ነበረን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ስልክ ሳይጠየቅ የሚታመንበት ምክንያት የለም።

የተሻለ መንገድ መኖሩ እውነት ነው። ኃይሉን ሳይሆን ራዲዮው ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ በ2024 የወጣው የብሉቱዝ 6.0 ደንብም ለዚህ ያለ አሠራር ጨምሯል። ራዲዮ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ግን፣ በደርሶ መልሱ ጊዜ ላይ የሚደርስ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ስሕተት ከርቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ያጐድላል ወይም ይጨምራል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቍጥር ወደ መዝገብ በገባ ጊዜ፣ በምን እንደ ተለካና ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከአጠገቡ ይጻፍ፤ በኃይል የተገመተውና በጊዜ የተለካውም በአንድ ዓምድ አይደባለቁ።