ጣውላ ፍለጋ በሜሪላንድ
ሜሪላንድ የከተመ አናጢ ወገናችን ጣውላ ሲያምረው ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ትልልቆቹ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ነው። እኔ አልደግፈውም። እዚያ የተደረደረው በአብዛኛው ለቤት ማገርና ለግድግዳ የሚሆን ለስላሳ እንጨት ነው፤ «ቱ ባይ ፎር» (ሁለት በአራት) የሚሉት እንኳ ሜትር ሲያርፍበት 1.5 በ3.5 ኢንች ነው። ለጠረጴዛ የሚሆን ኦክ ወይም ዎልነት የፈለገ ጠንካራ እንጨት የሚሸጡ ጣውላ ቤቶችን ይጠይቅ፤ ሒሳባቸው በቦርድ ፉት ነው፣ ማለትም አንድ ጫማ በአንድ ጫማ፣ ውፍረቱ 1 ኢንች። መሣሪያማ ከሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ የተሻለ ቦታ የለውም፤ ዝገት የበላው አሮጌ የስታንሊ መላጊያ ስለቱ በደንብ ከተሞረደ ብዙውን ርካሽ አዲስ ያስንቃል። አገር ቤት ለመላክ ያሰበ ግን (ብዙዎቻችን እናስባለን) የኤሌክትሪኩን መጋዝ ይተወው፤ በ120 ቮልት የተሠራ ሞተር በአገር ቤቱ 220 ሲሰካ ይቃጠላል።