«ሱዶ» ብላችሁ ፕሮግራም የምትከፍቱ ልጆቼ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ኮምፒውተር አይመለከተኝም የምትሉ እለፉት፤ ብታነቡት ግን አትጎዱም።

ትናንት ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ላፕቶፔ አላስገባ አለኝ። ፓስዎርዱን ይቀበላል፣ ስክሪኑ አንዴ ጥቁር ይልና መልሶ ፓስዎርድ ይጠይቀኛል። ፎርማት ላድርገው?»

«ቆይ አትንካው። ሰሞኑን ሱዶ ብለህ የከፈትከው ፕሮግራም አለ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «እንዴት አወቁ?» አለኝ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልንገራችሁ። ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ራሴ ሰው በድዬበት ነው የተማርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተምርበት ላብ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች ሊኑክስ ሚንት ጫንኩባቸው። ምክንያቴ ፍላሽ ነበር። አንድ ልጅ ፍላሽ በሰካ ቁጥር ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል፣ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርማት ሳደርግ እውላለሁ። ሊኑክስ ከገባ በኋላ ያ ሁሉ ቀረ። ልጆቹም በሁለት ሳምንት ለመዱት።

ስህተቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ለሁሉም ተማሪ አንድ አካውንት ብቻ ከፈትኩ፣ እሱም አድሚን ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን የሲስተም ፋይል ላስተካክል ስል «ፈቃድ የለህም» አለኝና፣ ቸኩዬ ነበር፣ ተርሚናል ከፍቼ በሱዶ የፋይል ማኔጀሩን ራሱን በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስነሳሁት። አስተካከልኩ፣ ዘጋሁ፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት የተግባር ፈተና ነበር። ያ ኮምፒውተር ፓስዎርድ ተቀብሎ ይመልሰናል። ተማሪ በር ላይ ተሰልፏል። ኢንተርኔት የለም፣ የምጠይቀው ሰው የለም። ምን ላድርግ? ፎርማት አደረግኩት።

የሦስት ተማሪዎች የሴሚስተር ሥራ አብሮ ጠፋ። አንዷ ከአምባሰል ገጠር መጥታ ሐይቅ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ቤቷ ኮምፒውተር የለም። ከክፍል በኋላ እየቆየች ነበር ስንት ሳምንት የጻፈችው። ስነግራት «ችግር የለውም ቲቸር» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ነገሩን ሳጣራ ፋይሎቹ አንድም አልተበላሹም ነበር። የተበላሸው ነገር ቢኖር አንድ የተደበቀች ትንሽ ፋይል ባለቤቷ መቀየሩ ነው። በአንድ መስመር ትእዛዝ ይስተካከል ነበር። እኔ ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ሊኑክስ አያቱ ዩኒክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ ነው የተጀመረው። ያኔ አንድ ማሽን ብዙ ሰው ይጋራው ስለነበር እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሩት» የሚባል አለ፤ እሱን የሚከለክለው የለም። ሱዶ በ1980 ገደማ ቡፋሎ፣ ኒውዮርክ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሠራ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሰው ሩት ሆኖ አይዋል፣ ለአንዲት ትእዛዝ ብቻ ሥልጣን ተበድሮ ይመልስ። ኡቡንቱ በጥቅምት 2004 ሲወጣ ይሄንኑ ለተራው ሰው አመጣው፤ የሩት አካውንት ዝግ ነው፣ በሱዶ ብቻ ነው የሚሠራው።

«ታዲያ በሱዶ ፕሮግራም ብከፍት ምን ችግር አለው?» ትሉኛላችሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

አጭር ትእዛዝ አንድ ነገር ሠርታ ትሞታለች። መስኮት ያለው ፕሮግራም ግን ገና ሲከፈት ብዙ ነገር ያደርጋል። ሴቲንጉን ይጽፋል፣ በቅርቡ የከፈታችኋቸውን ፋይሎች ይመዘግባል፣ የምስሎችን ትንንሽ ቅጂ ያስቀምጣል። ይሄን ሁሉ የሚጽፈው የት ነው? በብዙ የቆዩ ኡቡንቱዎችና ሚንቶች ላይ፣ በሱዶ ብትከፍቱትም የሚጽፈው በእናንተው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። በማን ስም? በሩት ስም። በማግስቱ ዴስክቶፑ በእናንተ ስም ሊነሳ ሲል የገዛ ፋይላችሁን መክፈት ይከለከላል። እና ወደ ፓስዎርዱ ይመልሳችኋል። በገዛ ቤታችሁ ደጅ ቆማችሁ ማለት ነው። ኡቡንቱ ይሄን ከ19.10 ጀምሮ አስተካክሎታል፤ የእኛ ላብ ኮምፒውተሮች ግን የቆዩ ናቸው።

ሌላም አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንደሚባለው፣ ሩት የሆነ ፕሮግራም ሊበላ ከፈለገ የሚይዘው የለም። የጽሑፍ ማረሚያው፣ ፕለጊኑ፣ ፎንቱን የሚያነበው፣ ምስሉን የሚከፍተው፣ ሁሉም አብሮ ይሾማል። ከነዚህ አንዱ ቀዳዳ ካለው ኮምፒውተሩ በሙሉ ሄደ። ቪኤልሲ በሩት ክፈቱኝ ብትሉት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። አሮጌው ኤክስ11 ላይ ደግሞ አንዱ መስኮት የሌላውን መስኮት የኪቦርድ ምት ማዳመጥ ይችላል። ስለዚህ በሩት የከፈታችሁት ተርሚናል ላይ የምትጽፉትን ከጎኑ ያለ ተራ ፕሮግራም ሊሰማው ይችላል። አዲሱ ዌይላንድ ይሄን ዘግቷል፤ የሩት መስኮቶችንም እንዲሁ በቀላሉ አያስገባም። ድሮ ለዚህ ሥራ የምንጠቀምባትን «ጂኬሱ» የምትባለውን መሣሪያም ዴቢያንና ኡቡንቱ በ2018 አውጥተው ጥለዋታል። ሰው ግን በየቴሌግራም ቻናሉ ዛሬም የድሮውን ትእዛዝ ይለጥፋል፣ ልጆቻችንም ይቀዳሉ።

መፍትሔው ምንድነው? እኛ ሐይቆች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ካስፋፉት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚወጡት አባቶች «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር። ንጉሡ ዘንድ ማን ይግባ፣ መቼ ይግባ የሚለው በእነሱ እጅ ነበር። ጉዳይ ያለው ሰው ጉዳዩን ለማስፈጸም ብሎ አክሊሉን አይደፋም፤ በዐቃቤ ሰዓቱ በኩል ጉዳዩን ብቻ ያስገባል። ዛሬ ሊኑክስ ላይ ይሄን ሥራ የሚሠራው «ፖልኪት» ይባላል። ፕሮግራሙ በእናንተ ስም፣ ያለ ሥልጣን ይከፈታል፤ ሥልጣን የሚፈልገው አንዱ ሥራ ላይ ሲደርስ ብቻ ፖልኪት ፓስዎርድ ይጠይቃችኋል።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። የሲስተም ፋይል ለማስተካከል ከፈለጋችሁ ኤዲተሩን በሱዶ አትክፈቱ፤ «ሱዶኤዲት»ን ተጠቀሙ። እሱ የፋይሉን ቅጂ ያወጣላችኋል፣ ኤዲተራችሁ በእናንተው ስም ቅጂውን ይከፍታል፣ ስትጨርሱ ቅጂውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የኖም ፋይል ማኔጀር ላይ ደግሞ አድራሻው ቦታ «አድሚን» በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ኮለንና ሦስት እዝባር ጽፋችሁ የፋይሉን መንገድ ብታስከትሉ በፖልኪት በኩል ይከፍትላችኋል።

ዐቃቤ ሰዓቱም ግን ይሳሳታል፤ አልደብቃችሁም። በጥር 2022 ከፖልኪት ጋር በሚመጣው «ፒኬኤግዜክ» ላይ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ሩት መሆን ይችል ነበር። ወዲያው ተደፈነ። ስለዚህ ኢንተርኔት ባገኛችሁ ቁጥር አፕዴት አድርጉ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ልጆቹን በክልከላ አታስጨንቃቸው፣ ነካክተው ነው የሚማሩት» ይሉኛል። እውነት አላቸው። በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ የገጠር ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጥቷቸው ነበር። ፕሮጀክቱን ያካሄደው ድርጅት ራሱ እንደተናገረው፣ ልጆቹ የተቆለፈውን የስክሪን ሴቲንግ አልፈው እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መልክ አስተካክለውታል፣ የተዘጋውን ካሜራም ከፍተዋል። እኔ ይሄን ሳነብ ኮርቻለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ልጆቹ የነካኩት የየራሳቸውን ነው። እኔ ግን ለሁሉም የሚሆነውን ቁልፍ አንድ ሚስማር ላይ ሰቅዬ፣ ራሴ ቸኩዬ፣ የሦስት ልጆች ልፋት አጠፋሁ።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። ላብ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አካውንት ክፈቱለት፤ በራሱ ፎልደር ውስጥ እንዳሻው ይሁን። የአድሚኑን ፓስዎርድ እናንተም ብትሆኑ ለዕለት ሥራ አትጠቀሙበት። ሱዶን ከማስተማራችሁ በፊት የፋይል ባለቤትነትን አስተምሩ። ዊንዶውስ ላይም ያው ነው፤ «የስ» የሚለውን ሳያነቡ መጫን የለመደ ልጅ የትም ቢሄድ ሳያነብ ይፈርማል። ውጫሌ እዚሁ አጠገባችን ናት፤ በሁለት ቋንቋ የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ምን እንዳመጣች ለወሎ ልጅ አይነገርም።

የትናንቱ ልጅ? ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አስጫንኩት። በጽሑፍ ገጹ ገባ፣ በግል ፎልደሩ ውስጥ ያሉትን የተደበቁ ፋይሎች ባለቤት አየ፣ ሁለቱ የሩት ነበሩ። በ«ቻውን» ወደ ራሱ ስም መለሳቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዴስክቶፑ መጣ፣ አንድም ፋይል አልጠፋም። «ሱዶ ቻውን»ን ግን ከራሳችሁ ፎልደር ውጭ እንዳትሞክሯት፣ አደራ።

ትእዛዞቹን በሙሉ በፊደላችን የጻፍኩት አውቄ ነው፤ ኮፒ አድርጋችሁ እንዳትለጥፉ። ቁጭ ብላችሁ፣ አስባችሁ፣ በእጃችሁ ጻፉት።

ያቺ ልጅ ይሄን ካነበብሽ፦ «ችግር የለውም» ብለሽኝ ነበር። ችግር ነበረው፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር። ይቅርታ።

ያልገባችሁ ካለ ኮሜንት ላይ ጠይቁ፣ አብሽሩ፣ እመልሳለሁ። ሰላም እደሩ።