ከፈተና የተመለሰው ልጅ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሚነገርበት ሰሞን በየቤቱ የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ልጁ ቁጥሩን በስልኩ ተመልክቶ ዝም ይላል። እናት ነገሩን ከፊቱ ታነበዋለች። አባት ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ዝምታ ነው።

ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ በተደረገበት በመጀመሪያው ጊዜ፣ ይኸውም የ2014 ዓ. ም. ተማሪዎች በተፈተኑበት ጊዜ፣ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም፤ ከመቶ 3 ነጥብ 3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ. ም. 3 ነጥብ 2፣ በ2016 ዓ. ም. 5 ነጥብ 4፣ በ2017 ዓ. ም. ደግሞ 8 ነጥብ 4 ሆነ። ከፍ ማለቱ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

ገበሬ ከዘራው ማሳ ጥቂት ዛላ ብቻ ፍሬ የያዘለት እንደ ሆነ በአገዳው ላይ አይቆጣም፤ መሬቱን፣ ዘሩን፣ የራሱንም እርሻ ይመረምራል እንጂ። እኛም በጠመኔ አቧራ ያረጀን መምህራን ከዚህ ምርመራ ልናመልጥ አይገባንም። በአንድ ክፍል ሰባ ልጅ አጭቀን፣ ንባብ ያልለየውን ሁሉ «ይለፍ» እያልን ወደ ላይ ስንገፋ ኖረናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የታሪክ መጽሐፍ በቃሉ የሚወጣው፣ ትርጓሜው ሲጠየቅ ግን ወደ ጣሪያው የሚያንጋጥጥ ልጅ ስንቱን አየን!

በቅኔ ቤት የነበርን ሰዎች ሌላ ልማድ እናውቃለን። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ያበላሸ እንደ ሆነ መምህሩ «ሂድና ደግመህ ቁጠር» ይሉታል፤ እርሱም ወደ ዛፉ ሥር ተመልሶ በማግሥቱ እንደገና ይነግራል። የአንዱ መምህር መንገድ ያልሆነለት ኮሮጆውን አንሥቶ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ ይሻገራል፤ ስለዚህ ግን ወዳቂ ብሎ የሚጠራው የለም። (ረኃቡንና የውሻውን ንክሻ ረስተን እንዳይመስልባችሁ፤ ጠባሳው ዛሬም ከባታችን ላይ አለ።)

ከጎረቤቶቻችን የአንዲቱ ልጅ በ2015 ዓ. ም. ተፈትና ከመቶ 31 አገኘች። አባቷ በማዕድ ላይ የደብተሩን፣ የደንብ ልብሱንና የማስጠኛውን ወጪ አንድ በአንድ ቈጠሩባት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ወር ያህል ከቤት አልወጣችም። አንድ ዘመድም ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ አለ ማለት ጀመረ። በዚህ ጊዜ እናቷ ወደ እኛ መጥተው፣

«የኔታ፣ ልጄ ከእጄ ልትወጣብኝ ነው» አሉን።

ጠርተን መጽሐፍ አስነበብናት። እውቀቷ ከ7ኛ ክፍል አላለፈም ነበር። ልጅቱ ሰነፍ አልነበረችም፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ሳታስተውል ስትሸመድድ ኖራ ነው እንጂ። ከ7ኛው ክፍል መጽሐፍ ጀመርን። በ2016 ዓ. ም. በግል ተፈታኝነት ቀረበች፤ 44 አገኘች፤ አሁንም አላለፈችም። እኛም አዘንን፤ እርሷ ግን እንደ ፊተኛው አልተሸሸገችም። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ገብታ የኤሌክትሪክ ሥራ ትማር ጀመር። አባቷ ልጃቸው ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቃቸው «እቤት ናት» እያሉ ብዙ ጊዜ ደበቁ።

ባለፈው ጥር ልንጠይቃቸው ብንሄድ ልጅቱ የኤሌክትሪኩን ምጣድ ገልብጣ የተቃጠለውን ሽቦ ስትለውጥ አገኘናት። መብራት ጠፍቶ ኖሮ አባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የእጅ ባትሪ ያበሩላት ነበር። ገብተን ሰላምታ ስንሰጣቸው ብድግ ለማለት ቃጡ፤ እርሷ ግን «አባባ፣ እጅዎን አያንቀሳቅሱብኝ» አለቻቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።