የአረጋውያን ገንዘብ በሁለት ሰው ፊት ይቆጠር

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሁላችንም የምናውቀው፣ ግን በቡና ላይ በሹክሹክታ ብቻ የምንነጋገርበት ነው። ይኸውም በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና አባቶቻችን በእጃቸው የምትገባዋን ጥቂት ገንዘብ፣ አንዳንዴም የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን፣ በሰው ተንኮል የሚያጡበት ነገር ነው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካልገለጽን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት አለው፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በተመነጠረው ሰው ላይ ይጥላል። እኛ በካርቱም በኖርንባቸው ዓመታት የታዘብነው ሌላ ነው። አረጋውያኑ የሚጭበረበሩት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ስልኩ ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፤ ዓረብኛውንም የሚናገርላቸው ሌላ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ መካከል ላይ ቆሞ ሁሉን ሲያይ፣ እሳቸው ግን ምንም ሳያዩ ሲቀሩ፣ ቢጠረጥሩስ ምን ሊያደርጉ ነው?

የካርቱም አረጋውያኖቻችን ይህ ነገር የሚጠናባቸው በምክንያት ነው። በዴምና በሌሎችም ሰፈሮች ከነበሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ብዙዎቹ በደርግ ዘመን ድንበር ያቋረጡ ናቸው። ደርግ በ1991 ወደቀ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ማለትም ዩኤንኤችሲአር፣ ከ1991 በፊት ለተሰደዱት ኢትዮጵያውያን የስደተኝነት ምክንያቱ አብቅቷል ብሎ ውሳኔውን ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ። ወደ አገራቸው የተመለሱ ተመለሱ። የቀሩት ግን ብዙዎቹ ያለ ወረቀት ቀሩ። ወረቀት የሌለው ሰው በስሙ ገንዘብ መቀበል ይቸገራል፣ ከሻ ሲመጣ ይደበቃል፣ ቢበደልም ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ይፈራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ተነሣ። ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላ፣ ወደ መዳኒ፣ ወደ መተማ ተበተነ። ያ ሁሉ ሰው ሲበተን፣ አረጋውያኑን ለዓመታት የሚያውቋቸው ጎረቤቶችም አብረው ተበተኑ። የሚያምኑት ሰው የጠፋበት ሰው ደግሞ ያገኘውን ያምናል።

አሁን ገንዘቡ የሚሄድባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው ሃዋላ ነው። እንዲህ እንበል፦ ቤይሩት ያለች ልጅ ለእናቷ 100 ዶላር ትልካለች። እናትየው መታወቂያ ስለሌላቸው ገንዘቡ በጎረቤት ስም ወይም በጎረቤቱ ስልክ በባንካክ ይገባል። ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ዶላር ወደ 600 የሱዳን ጂኔ ገደማ ይመነዘር ነበር። በ2024 ማብቂያ ግን በጥቁር ገበያ ከ2,000 ጂኔ በላይ ሆኖ ነበር። እንግዲህ የትምህርት ቤት ሒሳብ እንሥራ። 100 ዶላር በ600 ሲባዛ 60,000 ጂኔ ነው፤ በ2,000 ሲባዛ 200,000 ጂኔ ነው። ተቀባዩ በቆየው ዋጋ መንዝሮ 60,000 ቢሰጣቸው፣ እሳቸው የሚያውቁት የድሮውን ዋጋ ነውና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መርቀው ይቀበላሉ። 140,000 ጂኔ ቀልጦ ቀረ ማለት ነው፤ ከ100 ዶላር 70ው! ልጅቷ በሰው ቤት ለፍታ የላከችው ገንዘብ ጎረቤት ኪስ ገባ። እናትየውም «ልጄ ረሳችኝ መሰለኝ፣ የምትልከው አነሰ» ብለው ያዝናሉ። የሚጎዳው ኪስ ብቻ አይደለም፤ በእናትና በልጅ መካከልም ቅያሜ ይገባል።

ከሃዋላ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። የሱዳን ማዕከላዊ ባንክ በ2024 ማብቂያ አዲስ የ1,000 ጂኔ ኖት አውጥቶ፣ ሠራዊቱ በያዛቸው ክልሎች የድሮዎቹ የ500 እና የ1,000 ኖቶች በባንክ በኩል እንዲመለሱ አዝዞ ነበር። የተሰጠው ጊዜም አጭር ነበር። ገንዘባቸውን በመቀነት ቋጥረው የሚይዙ፣ የባንክ ሒሳብ የሌላቸው እናቶች ምን ያድርጉ? ሒሳብ ያለውን ሰው ከመለመን በቀር ብዙ አማራጭ አልነበራቸውም። በሰው ሒሳብ የገባ ገንዘብ ደግሞ በሰውየው ኅሊና ላይ ብቻ የቆመ ነው።

ሁለተኛው መንገድ «ፕሮሰስ» ነው። ደላላው ይመጣል፤ ጥሩ ይለብሳል፣ ሁለት ስልክ ይይዛል። «እማማ፣ እኔ ዩኤን ውስጥ ሰው አለኝ። የርስዎን ኬዝ ላንቀሳቅስልዎት፤ ለሻይ ትንሽ ነገር ያስፈልጋል» ይላል። ወይም ደግሞ «ይህን ልጅ የርስዎ ልጅ ነው ብለው ያስመዝግቡት፣ ገንዘብ ይሰጥዎታል» ይላል። ወገኖቻችን፣ የዩኤንኤችሲአር አገልግሎት ሁሉ ነፃ ነው። ምዝገባውም፣ ኢንተርቪውም፣ ወደ ሦስተኛ አገር መላክም አይሸጥም። ያልወለዱትን ልጄ ብሎ ማስመዝገብም እውነተኞቹን ልጆች ጭምር ከነኬዛቸው ሊያስወድቅ ይችላል።

«ታዲያ ውስጥ ያሉት ራሳቸው ይበላሉ ይባል የለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ተከስቶ ያውቃል። በናይሮቢ በተደረገ የተባበሩት መንግሥታት ምርመራ፣ ስደተኞች ለጉዞ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠየቁ እንደነበር በ2002 መጀመሪያ ይፋ ወጥቷል፤ ሠራተኞችም ተከሰዋል። እዚሁ ሱዳንም በሜይ 2018 በማጭበርበር ክስ ምክንያት ዩኤንኤችሲአር ወደ ሦስተኛ አገር የማስፈሩን ሥራ ለጊዜው አቁሞ ነበር። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው «መክፈል ያዋጣል» የሚለውን አይደለም። ሥራው ሲቆም ያልከፈለውም ሰው ነው የተቀጣው፤ የከፈለው ደግሞ ገንዘቡንም ተስፋውንም አጣ። በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላዋን ባቆመች ጊዜም፣ በሩ ሲጠብ ደላላው ተስፋን አስወድዶ የሚሸጥበት ምክንያት አገኘ። በር ሲዘጋ ቁልፍ አለኝ የሚል ሰው ይበዛልና።

ሦስተኛው የስልክ ጥሪ ነው። ይህ ከሁሉ ይከፋል። ከ2009 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከሸገራብ ካምፕ አካባቢ ሳይቀር፣ ስደተኞች እየተጠለፉ ወደ ሲና በረሃ ተወስደው ቤተሰብ ማስለቀቂያ እንደተጠየቀባቸው ሁላችንም እናስታውሳለን። በኋላም የሊቢያው ባኒ ዋሊድ በዚሁ ነገር ስሙ ተነሥቷል። አጭበርባሪው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል። ሌሊት ይደውልና «ልጅዎ እጃችን ላይ ነው፣ እስከ ነገ ካልላኩ…» ይላል፤ የሚያለቅስ ድምፅም ያሰማል። ወላጅ አንጀት አይችልም፤ ጆሮ ላይ ያለው ወርቅ እንኳ ወልቆ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲመጣ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድም ሳንቲም ከመላኩ በፊት በልጁ ስልክና በጓደኞቹ በኩል ያለበትን ማጣራት፣ ደዋዩንም ልጁ ብቻ የሚያውቀውን ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፦ የአያቱን የቤት ስም፣ በልጅነቱ የወደቀበትን ቦታ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አረጋዊው ሰው ይህን ጥሪ ብቻቸውን እንዳይሸከሙት ነው። «ለማንም እንዳትናገር» የተባለው ለዚሁ ነውና።

አራተኛው አውራ ጣት ነው። አገር ቤት ቤት ወይም ቦታ ያላቸው አረጋውያን አሉ። «ግብሩን እንድከፍልልዎት፣ ቤቱን እንድጠብቅልዎት እዚህ ላይ ይፈርሙ» ተብለው የውክልና ወረቀት ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ከዓመት በኋላ ቤቱ ተሸጦ ይሰማል። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለዚህ ነገር አስቦበታል። አንቀጽ 1728 ማንበብ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ፊርማው ወይም የጣት አሻራው የሚያስገድደው በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ሲረጋገጥ ነው ይላል። አንቀጽ 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩን ሳያስነብቡ አይፈርሙ። የሰጡትን ውክልና ደግሞ በፈለጉ ጊዜ መሻር ይችላሉ። ሕግ አውጪው የማያነብን ሰው ጣት ያለ ምስክር አላመነም፤ እኛስ ለምን እናምናለን?

እንግዲህ አራቱም መንገዶች ወደ አንድ ነገር ይመጣሉ። በአረጋዊውና በገንዘቡ መካከል አንድ ሰው ብቻ ቆሟል። መድኃኒቱም ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው።

«ይህማ የሚረዳኝን ልጅ አላምንህም ማለት ነው፤ ይቀየመኛል» የሚሉ እናቶች አሉ። እኛ ግን ዕድራችንን እንዲያስተውሉ እንጠይቃለን። ዕድር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ጸሐፊው ይጽፋል፣ ገንዘብ ያዡ ይይዛል፣ አባሉ ይሰማል። ይህን ያደረግነው ገንዘብ ያዡ ሌባ ነው ብለን ነው እንዴ? ሐሜት እንዳያገኘው ብለን ነው እንጂ! ታማኝ ሰው ምስክር አይጠላም፤ እንዲያውም ከሐሜት ያድነዋል። ምስክር ሲመጣ ፊቱ የሚጠቁረው ሰው ካለ፣ ያ ራሱ መልስ ነው።

በተግባር እንዲህ ይሁን፦

ላኪው ልጅ ስንት እንደላከ፣ በምን ገንዘብ እንደላከ፣ ራሱ ለእናቱ ወይም ለአባቱ በድምፅ ይንገር። በተቀባዩ በኩል ብቻ አይላክ።

የዕለቱ ምንዛሪ ከሁለት ቦታ ይጠየቅ። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ በራሳቸው እጅ ይግባ።

ደብተር ይኑር። ከ5ኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ለአያቱ ወይም ለጎረቤቱ አረጋዊ ቀኑን፣ የተላከውን፣ የደረሰውን፣ የወጣውን መጻፍ ይችላል። እኛ መምህራን ይህን እንደ ቤት ሥራ ብንሰጥ ሒሳብም ይማሩበታል።

ራሽን ካርድና የስደተኛ መታወቂያ በመያዣ አይሰጥ፤ «እኔ ላስቀምጥልዎት» ለሚልም አይሰጥ።

ወረቀት ላይ ጣት ከማሳረፍ በፊት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በየተራ ያንብቡት። ንባባቸው ከተለያየ ጣቱ ይቆይ።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። እናትን ከሌባ አድናለሁ ብሎ ገንዘቧን ቀምቶ የሚቆልፍ ልጅም አለ። ይህ መጠበቅ አይደለም። ሰው አረጀ ማለት በገዛ ገንዘቡ አያዝም ማለት አይደለም። ስኳር ልግዛ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ልስጥ፣ ለልጅ ልጄ ጫማ ልግዛ ቢሉ መብታቸው ነው። የሁለተኛው ሰው ሥራ ማየት እንጂ ማዘዝ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት ከ6 ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሚኖርበት ማኅበረሰብ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል። የገንዘብ በደል ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሐበሻ ብቻ አይደለም፤ የስደተኛም ብቻ አይደለም። ቢደርስብዎት አይፈሩ።

አረጋውያን ተበድለው ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ ስለማያውቁ አይደለም። የሰረቃቸው ሰው ውሃ የሚቀዳላቸው፣ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው ነው። «ገንዘቡስ ሄደ፣ ይኸም ከሄደ ማን አለኝ?» ብለው ነው። እንግዲያው መጀመሪያ የምንጠይቀው «ለምን ሰጡት?» ብለን መሆን የለበትም። መጀመሪያ ውሃውን የሚቀዳ ሌላ ሰው እናቁም። ከዚያ በኋላ አፋቸው ይፈታል። ጉዳዩ የቤተሰብ ወይም የጎረቤት ከሆነ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ የተወሰደው በየወሩ እየተከፈለ እንዲመለስ ይጻፍ። ጉዳዩ የደላላ ወይም በዩኤን ስም የሚነግድ ሰው ከሆነ ግን በሽማግሌ አይሸፈን፤ ለዩኤንኤችሲአር የጥበቃ ክፍል በአካል ወይም በቅሬታ ሳጥን ይቅረብ። በቅን ልቦና አቤት ማለት ኬዝን አይጎዳም።

አረጋውያኖቻችን አገር ጥለው ሲወጡ ልጆች አዝለው ነው የወጡት፤ ዛሬ ያዘሉን እጆች ጂኔ ሲቆጥሩ ይንቀጠቀጣሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አብሮ መቁጠር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ደብተር ለአንድ አረጋዊ ይክፈት።

ቸር ይግጠመን።